ሣህሌ ወረፋ የቆመ ዕለት

በ1961 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ወይዘሮ የማርያምወርቅን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ልጃቸውን ሣህሌን የማያውቅ አልነበረም። ሣህሌ የሕክምና ተማሪ ነው። ይህን ያልሰማ ካለ ጥፋቱ የጆሮው እንጂ የሣህሌ እናት አይደለም፤ ሰንበቴ ላይ ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ሴትዮዋ "ሐኪሙ ልጄ" ሳይሉ ነገር አይቋጩም ነበር። ጎረቤታቸው አስካለች፣ "ከእሳቸው ጋር ስለ ዝናብ ቢጀምሩም ወሬው ዞሮ ዞሮ ሣህሌ ነው" እያለች ታማቸዋለች። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጠላ ሸጠው ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነውና ኩራቱ ሲያንሳቸው ነው።

ያን ሰሞን ሣህሌ መጽሐፎቹን በጆንያ ይዞ ቤት ገባ። እህል አይቀምስም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እናቱ አላስቀምጥ ሲሉት ነገራቸው። ሲከታተላት የነበረች አንዲት ወላድ እጁ ላይ ሞታለች። ከዚያ ወዲህ የበሽተኞቹ ክፍል በር ላይ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል።

"አስተማሪዬ አይቶኝ፣ 'ይህ በሽታ ነው፣ ይታከማል' አለኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ቀጠሮ አስይዞልኛል።"

"ታዲያ ለምን አትሄድም?"

"ሐኪሙ አበደ እንዲሉኝ ነው እማዬ? ትምህርቱን ብተወው ይሻላል። አንቺንስ በምን ዓይን ያዩሻል?"

ልጃቸውን ያሰረው በሽታው ብቻ ሳይሆን የእሳቸው ጉራም እንደሆነ ለወይዘሮ የማርያምወርቅ ገባቸው። ጉራ ግን ቶሎ አይለቅም። "መጀመሪያ ጠበል ትጠመቃለህ" አሉት። በማግስቱም ሰው እንዳያያቸው በባሕር ዛፉ መሐል አቋርጠው ወሰዱት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገና ከዛፎቹ ብቅ ሲሉ ጠበልተኛው ለያቸው። "ሐኪሙ መጣ" ተባለና ወረፋው ፈረሰ። አንዷ የልጇን ጆሮ ታሳየዋለች፤ ከየካ በኩል የመጡት ገበሬ፣ ሽማግሌው አቶ ኢቲቻ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጉልበታቸውን ገለጡ። አስካለችም እዚያው ነበረች።

"ሊያክመን መጥቶ ነው፣ እትዬ?" አለች።

ውሸቱ ተሰናድቶ ቀረበላቸው። አዎን ቢሉ ክብራቸው ሳይጎድል ቤታቸው ይመለሳሉ። ሣህሌም አንገቱን ደፍቶ እጁን ወደ ሽማግሌው ጉልበት ሰደደ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ ያን እጅ ያዙት።

"ዛሬስ ሊያክም አልመጣም" አሉ፣ ሰንበቴ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ። "ልጄ ታሟል። ሲያስታምማት የነበረች ወላድ ሞታበት አእምሮውን አሞታል። ዛሬ ይጠመቃል፤ ማክሰኞ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የምወስደውም እኔ ነኝ።"

አቶ ኢቲቻ ሱሪያቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች መለሱ።

"ሰው ሲሞትበት የማይታመም ሐኪም እኔን ባይነካኝ ይሻላል" አሉ። "በል ና ልጄ፣ ከእኔ ፊት ቁም።"

"ግድ የለም አባቴ፣ እንደ ሰዉ ከኋላ እቆማለሁ" አለ ሣህሌ፤ ሄዶም ከወረፋው መጨረሻ ቆመ። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልደበቀውም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቀና ብለው አጠገቡ ቆሙ። የሕክምና ትምህርት ቤት የገባ ዕለት እንኳ እንዲህ አልኮሩበትም።

ማክሰኞ ሣህሌን ይዘው ወረዱ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ጥቂት ቆይቶ መጽሐፎቹ ከጆንያው ወጡ።

እናትዮዋ ግን ያው ናቸው። ሰንበቴ ላይ ገና ዳቦው ሳይቆረስ ጀመሩ፦ "ልጄ ማክሰኞ ማክሰኞ ይታከማል። ሐኪሙ እኮ እኔን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የሚቀበለኝ።"

ሁሉም ሲስቅ አስካለች ብቻ አልሳቀችም። ሲበተኑ ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ ወደ ዳር ወሰደቻቸው።

"እትዬ፣ ባሌ ከቤት መውጣት ከተወ ከረመ። 'ወገቡን ነው' እያልሁ ነበር የማወራው። ያ ሐኪም እሱንም ያይልኝ ይሆን?"

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ቆይ፣ ሐኪሙን ልጄን እጠይቅልሻለሁ" አሉ።