ፊቱ ያለቀ ሳንቲም

«ሳንቲሙን አባትሽ አፍ ውስጥ አድርገሽለታል አይደል?» አለች አክስቷ አሚያ፣ ባቄላ እየፈለፈለች።

«አድርጌያለሁ፣ አክስቴ።»

«አዲሱን?»

ሩፊላ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። ውሸቷን ነበር። ወርቅ የሚመስለው አዲሱ የነሐስ ሳንቲም ቀበቶዋ ውስጥ ነበር። አባቷ አፍ ውስጥ የከተተችው የቄሳሩ ፊት ተፍቆ ያለቀውን፣ ዳቦ ጋጋሪው እንኳ «ወስደሽ ለዓሦች ስጪው» ብሎ የመለሰባትን ነው። ሬሳ ምን ይለያል ብላ። ልቧ በአዲሱ ልትገዛው ያሰበችው ሰማያዊ የብርጭቆ ጉትቻ ላይ ነበር።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ዘይት ሻጩ ኖኒዮ ጢሙን ጠረገ። «ሙታንን ወንዝ የሚያሻግረው ጀልበኛ እኮ ወዳጅ የለውም! የመሻገሪያውን ሳንቲም ነክሶ ነው የሚቀበለው። ካልጣመው ወንዙ ዳር ጥሎህ ይሄዳል።»

«አንተንማ ከነዘይትህ አያሳፍርም፤ ጀልባው ይሰምጥበታል!» አለች አሚያ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሩፊላ ግን አባቷ የሽንብራ ድስቱን ታቅፎ ወንዙ ዳር ቆሞ ታያት።

አባቷ ቬሪዮ በሮም ወደብ በኦስቲያ፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቅቅል ሽንብራ ይሸጥ ነበር። ከተማው ያለቀ ሳንቲሙን ሁሉ እሱ ላይ ያራግፋል።

«አባዬ፣ እየሳቁብህ እኮ ነው!» ትለው ነበር ሩፊላ።

«በልተው ይሳቁ። የደከመውንም የሚቀበለው ሰው ያስፈልጋል፣ ልጄ።»

አንድ ቀን ጓደኞቿ «ታውቂዋለሽ እንዴ?» ሲሏት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «የት አውቄው!» አለች። ቬሪዮ ሰምቷል። እንደ ልማዱ የሳህኑን አፍ በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣ «እንኩ፣ እመቤቴ» ብሎ እንደ እንግዳ ሰጣት። አላጋለጣትም።

የመጨረሻውን ያለቀ ሳንቲም ያራገፈችበትም እሷው ሆነች።

በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ዘመድ መቃብሩ ላይ ተሰብስቦ በላ። የሟቹ ድርሻ ወደ መቃብሩ በተተከለ የሸክላ ቧንቧ ይወርድለታል። አሚያ የወይኑን ጽዋ ለሩፊላ ሰጠቻት፤ «አንቺ አጠጪው፤ የልጅ ወግ ነው።»

ሩፊላ ተንበረከከች። ከቀበቶዋ ያወጣችውን ሳንቲም ከወይኑ ጋር ብትለቀው ድምፁን ማንም አይሰማም ነበር። ጽዋውን መሬት አስቀመጠችና ሳንቲሙን ደረቁን ለቀቀችው። ቧንቧውን እየመታ፣ እያቃጨለ ወረደ። የሚያላምጠው ሁሉ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አሚያ።

«አዲሱ ነው» አለች ሩፊላ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ያን ለት ሰርቄው ነበር።»

ከዚያም የቧንቧውን አፍ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ጠረገችና ወይኑን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችለት።