የጤነኛዋ ደም

ሽበት ጣል ጣል ያለባትን፣ ተማሪዎቿ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋት መንገድ የሚለቁላትን የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ «ሚጣ» ብላ የምትጠራት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ታላቅ እህቷ። እሷም ታላቋን «እታለም» ትላታለች። እኛም በዚሁ እንቀጥል፤ ማዕረጉ ለቢሮዋ በር ይበቃል።

እታለም ከወጣትነቷ ጀምሮ ታማሚ ናት፤ ሕመሟ ደግሞ ስም የለሽ ነው። ከእግሯ ሥር ይነሣና እንደ ፍም እየተንቀለቀለ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንሶላ ሲነካት እንኳ ትንፋሿ ይቆረጣል። ያልተነሣችው ራጅ፣ ያልሰጠችው ደም የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምንም የለብሽም»። ሐኪም እንዲህ ካለ ዘመድ ምን ይላል? ዘመድማ ያው ዘመድ ነው። «ሥራ ሲባል ነው የሚያማት» ይላል። እታለምን ከሕመሙ ይልቅ የሚያንገበግባት ይሄ ነበር። ሰው ፊት እንዳታነክስ ጥርሷን ነክሳ ቀጥ ብላ መራመድ ለመደች፤ ቀጥ ብላ ስትራመድ ደግሞ «ይኸው ደህና አይደለች እንዴ!» ተባለች። እንግዲህ በምን ትርታቸው?

ሚጣ የነርቭ ሴል ውስጥ ገብታ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ስብሰባ ላይ ስትጠየቅ ስለ ሞለኪውሎች ረቂቅነት ታወራለች፤ እሱም ውሸት አይደለም። ዋናው ግን የእህቷን ሕመም በዓይኗ አይታ ለሰው ማሳየት ነው። ሌላ ምኞት አልነበራትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። በትንንሽ ሳህኖች ላይ የነርቭ ሴሎች ታሳድጋለች። ሴሎቹ ቀጫጭን ክንዶቻቸውን ዘርግተው ሲያያዙ፣ መልእክት በተቀባበሉ ቁጥር የሚያበራ ቀለም ታጠጣቸዋለች። ከዚያ የእታለም ደም ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ፣ ሴረም የሚሉትን፣ ጠብ ታደርግባቸውና በማይክሮስኮፕ ታያለች። ከጎኑ የጤነኛ ሰው ሴረም የጨመረችበት ሳህን ይቀመጣል። ያለ ማነጻጸሪያ መመራመር አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ነውና።

በእሷ ግምት የእታለም ሳህን መንቦግቦግ፣ የጤነኛው ጸጥ ማለት ነበረበት። ሁለቱም ግን እኩል ይንቦገቦጋሉ። ቀለሙን ቀየረች፣ የሴሎቹን ምግብ ቀየረች፣ ሙቀቱን አስተካከለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሻይ ጋብዞ ነው የነገራት። «ሴረም በራሱ ሴሎቹን ይቀሰቅሳል ማለት ነው። በደሟ ውስጥ የተለየ ነገር የለም። ይሄ ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ ፕሮጀክቱን እንዝጋው» አላት። ሚጣ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች። ለእታለም ምን ብላ ትንገራት? እኔም ፈልጌ አጣሁት ልትላት ነው? ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ለራሷ ያዘችው።

የቀራትን ጊዜ ልትሞክርበት ስትነሣ ጉንፋን ጣላት። ይሄ ጉንፋን ባይመጣ ኖሮ ታሪካችን እዚህ ጋ ያበቃ ነበር። ምክንያቱም «ጤነኛዋ» ሰው ራሷ ሚጣ ነበረች። በዚያ ላቦራቶሪ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ጤነኛ ደም ሲያስፈልግ ሩቅ አይኬድም፣ እጅጌ ተሰብስቦ ከራስ ይቀዳል። ትኩስ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ለምኖ ማምጣት የለበትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ማነጻጸሪያዋ የራሷ ደም ነበር። የጉንፋን ደም ግን ጤነኛ አይባልምና ለዚህ ሙከራ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ክንዱን ዘረጋ። ቀልድ የማያልቅበት፣ ሆዱ የሚቀድመው፣ ዕድሜውን ከእሷ ጋር የሠራ ሰው ነው።

ሳህኖቹን ስታይ የእታለም እንደ ወትሮው ይንቦገቦጋል። የቴክኒሻኑ ጨለማ ነው።

«ሴሎቹን ገድለሃቸዋል» አለችው።

«እኔ? ደሜ እኮ ለሚስቴ እንኳ መርዝ ሆኖ አያውቅም» አለ። «እስቲ ቀስቅሻቸው።»

ሴሎችን የሚቀሰቅስ ጨው ጠብ አደረገችባቸው። ሳህኑ ሙሉ ቦግ አለና መልሶ ጸጥ አለ። አልሞቱም፤ ያረፉ ናቸው። ሚጣ እንዲህ ያረፈ ሳህን አይታ አታውቅም። የጥበቃውን ደም ለመነች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ለመነች። ሁሉም ያረፉ ሆኑ። ጉንፋኑ ሲለቃት የራሷን ጨመረችና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

ነደደ። ልክ እንደ እታለም።

ወንበሩን ሳታየው ነው የተቀመጠችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለም? እታለምን ከጤነኛ ጋር ሳይሆን ከገዛ እህቷ ጋር ስታነጻጽር ነው የኖረችው። ማፈር ነበረባት፤ ጊዜ አላገኘችም። ዓይኗ ከስክሪኑ አልነቀል አለ። አንዱ ሴል ብልጭ ሲል ጎረቤቱ ይቀበለዋል፣ እሱም ለሌላው ያቀብላል፣ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ በእሷ ደም ነው። ምግብ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ተማሪ ስትቆጣ፣ ይሄ ነገር በሰውነቷ ሲዞር ኖሯል፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልተሰማትም። ሰው ለገዛ ራሱ ምን ያህል እንግዳ ነው! ፈራች፤ ከፍርሃቱ የሚበልጥ መደነቅ ግን አፏን አስያዛት።

ደጋግማ ሠርታ ካረጋገጠች በኋላ እታለምን አመጣቻት። እታለም ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ጨለማው ክፍል ገባችና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

«ይሄ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች። እታለም ግን ጣቷን ልካ ብርሃኑን በስሱ ነካችው። 

«ያምራል እኮ» አለች። «እንዲህ የሚያምር ነገር ነው እንዲህ የሚያሰቃየኝ?»

ከዚያ ጨለማውን ሳህን አየች፤ የቴክኒሻኑ መሆኑ ሲነገራት «የታደለ» አለች። ዓይኗ ወደ ሦስተኛው ሄደ።

«ይህቺስ? ምስኪን፣ እሷም እንደኔ እየነደደች ነው። ማናት? ብቻሽን አይደለሽም በያት እስቲ።»

ሚጣ ልትዋሽ አሰበች፤ ምላሷ እንቢ አላት።

«እኔ ነኝ እታለም።»

እታለም ከስክሪኑ ወደ ታናሿ ዞረች።

«አሞሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም። ወይ ጊዜው አልደረሰም፣ ወይ ውስጤ ይሄን የሚያበርድ ነገር አለ። ካለ እፈልገዋለሁ፤ ላንቺም መድኃኒት የሚሆንሽ እሱ ነው። ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ነበር፣ አሁን ግን አይዘጋም፤ ኃላፊውም መጥቶ አይቶታል።»

 እታለም ዕድሜ ልኳን ሰው እንዲያይላት የለመነችውን ነገር ጀርባዋን ሰጥታው ተነሣች። ጉልበቷን እያመማት፣ አታድርጊ ስትባል እንቢ ብላ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና የታናሿን ጫማ አወለቀች። ተረከዟን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«ያምሻል?»

«አያምም።»

«እዚህስ?»

«ደህና ነው።»

«ሲጀምር በዚህ በኩል ነው። መጀመሪያ ይበርድሻል፣ ከዚያ ነው የሚያቃጥለው።» ሁለቱንም እግሮቿን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። «ይጀምርሻል አላልኩም፤ አፌን ይቁረጠው። ግን ድንገት ከጀመረሽ በሩጫ እኔ ዘንድ ነይ። ማንንም ለማስረዳት እንዳትደክሚ። አመመኝ ካልሽኝ ይበቃኛል።»

ሚጣ አንድ ሰው እንዲታመን ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ማስረጃ ስትሰበስብ የኖረች ሴት ናት። አሁን ገና ሳያማት ታመነች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እንደ ልጅ አለቀሰች፤ እታለም እግሯን ማሸት አላቆመችም።