ያልተዘጋው ማክሰኞ

«ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አሉ እትዬ አደሴ፣ የንፍሮውን ሳህን ጉልበታቸው ላይ እንዳሳረፉ።

«ፍሪጅ ነው» አለች ፌኔት።

«ፍሪጅ አይደለም» አለች እናቷ ዲንቄ። ከፍራሹ ላይ ቀና እንኳ አላለችም። «የመገርሳ ማሽን ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ጆሯቸውን ወደ ጓሮ አዘነበሉ። እውነትም ከሰርቪስ ቤቱ በኩል የማያቋርጥ ድምፅ ይመጣል፤ ውሃ ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው ዓይነት። እትዬ አደሴ የእድሩ ሴቶች አለቃ ናቸው። ለቅሶ ቤት የሚደረገውንና የማይደረገውን እሳቸው ያውቃሉ። ቴሌቪዥኑን በነጠላ ያስሸፈኑት፣ መንገድ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉትን ልጆች ያስበተኑት እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ይጥፋ እንጂ። ሬሳ በወጣበት ቤት ሞተር ሲጮህ ይዋላል?»

«አይጠፋም።»

«ዲንቄ፣ ኧረ ለሰው ደስ አይልም።»

«አይጠፋም አልኩ እትዬ አደሴ። ደስ ያላለው ጆሮውን ይድፈን።»

ከወዲያ ጥግ አንዷ «ሐዘን ነው፣ ተዉአት» ብላ አንሾካሾከች። ይህን ያለችው የማታውቃት ናት። የሚያውቋት አልገረማቸውም፤ ዲንቄ ባሏ መገርሳ በሕይወት እያለም እንዲህ ነበረች። ጎረቤቷ ሰዓደት ብቻ ከፔርሙሱ ሻይ ቀድታ እጇ ላይ አስያዘቻት። ሰዓደት ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ከአጠገቧ አልተነሳችም፤ ለመስገድ ቤቷ ደርሳ ትመለሳለች እንጂ።

የሚገርመው፣ በዚያ ሰፈር ማሽኑ ዝም እንዲል ከማንም በላይ ስትመኝ የኖረችው ዲንቄ ራሷ ነበረች።

ማሽኑ የመጣው ፌኔት ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። የሰዓደት ባል ሙሀመድዘይን በአይሱዙው ጭኖ አመጣው። ትልቅ የብረት ሳጥን ነው፣ ገመድ የተጠመጠመበት፣ አንድ ጎኑ ክዳን የሌለው። ዲንቄ ሰርቪስ ቤቱን ራሷ ለስና፣ ራሷ ኖራ ቀብታ፣ ተከራይ ልታስገባበት ቀን ቆርጣ ነበር። በሩ ላይ ክንዷን ዘርግታ ቆመች።

«ወይ እሱ ይገባል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«ሁለታችሁም ግቡ፣ ብርድ ነው» አለ መገርሳ።

ሙሀመድዘይን ሣቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያይ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ስሙን ጣውንቴ አለችው። መገርሳ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ተስማማው። «ጣውንቴ ዛሬ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች እየተኮሳተረች። «ትንሽ አተኩሷት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል» ይላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ ወርዶ ከወዳደቀ ዕቃ መሀል ሲያገላብጥ ይውላል። ከሽንኩርቱ ጋር በአንድ ፌስታል የፎቶኮፒ ማሽን ማራገቢያ ይዞ ይገባል፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ይተክላል። «ለኔ ጫማ ስትገዛ እንዲህ አገላብጠህ አይተህ ታውቃለህ?» ትለዋለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ በሻማ እያመሸ ጣውንትየዋ ሙሀመድዘይን በሰጠው የከባድ መኪና ባትሪ ታጉረመርማለች።

ያ ሙሀመድዘይን ቀብር አልመጣም። ለመገርሳ ወንድም ማለት ነበር። ዲንቄ ለሰዓደት አንድም ነገር አልተነፈሰችም፤ ሆዷ ውስጥ ግን ይዛዋለች።

ዓርብ ከቀትር በኋላ የሺዋስ መጣ። መገርሳ ይሠራበት በነበረው የዱቄት ፋብሪካ አብሮት ኮምፒዩተሩን የሚጠብቅ ሰው ነው። ማክሰኞ ቀን መገርሳ ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ደግፎ ፒካፑ ላይ ያወጣው እሱ ነው፤ መገርሳ ክሊኒክ ሳይደርስ ያረፈውም እሱ ጭን ላይ ነው። ስለዚህ ዲንቄ ስታየው ፍራሹ ላይ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ። ኮፍያውን አጠፈው፣ ዘረጋው።

«እትዬ ዲንቄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«እንዳልሆነ እያወቅክ ከመጣህ የባሰ ነገር አለ። ተናገር።»

«ቀኑ አልተዘጋም።»

ዲንቄ ወዲያው ገባት። ከመገርሳ ጋር የኖረ ሰው ይገባዋል። የፋብሪካው የኮምፒዩተር ሥርዓት አሮጌ ነው፤ በዕድሜ ከፌኔት ይበልጣል። አዲስ እንተካለን እያሉ ስንት ጊዜ ሰዎች አመጡ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ እሱ ቀረ። ዱቄቱን የሚቆጥረው፣ የመኪኖቹን የመውጫ ወረቀት የሚያትመው፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ጠባይ አለው፦ የዛሬው ቀን ሒሳቡ ተጠቃሎ ካልተዘጋ የነገውን አይከፍትም። ሁለት ሰው እንዳይዘጋውም መዝጊያው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያ ቦታ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ያለው የብረት ሳጥን ነው። ማታ ማታ ይዘጋው የነበረው መገርሳ ነው፤ ማክሰኞ ማታ መገርሳ አልነበረም።

«ከዚያው ከፋብሪካው መዝጋት አትችሉም?»

«ሞክረናል። ባለሙያ አስመጣን፤ መዝጊያውን ወደ ፋብሪካው መመለስ ይቻላል፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል አለ። የማሽኑን የይለፍ ቃል ጋሽ መገርሳ ራሱ ሰጥቶኛል። የጎደለኝ የክፍሉ ቁልፍ ነው።»

ቁልፉ መቀነቷ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። እጇን እላዩ ላይ አደረገች።

«እንግዲህ እዚያ ገና ማክሰኞ ነው በለኛ።»

«ገና ማክሰኞ ነው።»

«እሱስ?»

«ማን እሱ?»

«ጠዋት ሲገባ ስሙን ያስመዘግብ የለ። ማሽኑ ስለሱ ምን ይላል?»

የሺዋስ መሬት መሬቱን አየ። «ገብቷል ነው የሚለው። መውጫው ባዶ ነው።»

«ቀኑ ሲዘጋስ?»

«ሲዘጋ ሁሉንም ሰው ያስወጣል።»

ዲንቄ ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበች። «እንግዲያው ይቆይ።»

«እማ» አለች ፌኔት ቀስ ብላ፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ለለቅሶው መጥታ እናቷ ዘንድ ሰንብታለች። «ሰው እኮ ሥራ ፈትቶ ነው ያለው።»

«ማን ነው የፈታው? ባለፋብሪካው? ይፍታ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጭኑበት ኖሩ። ፋብሪካው አልበቃ ብሏቸው ቤቴ ድረስ ብረታቸውን አምጥተው ጫኑብኝ። አሁን እንኳ አርባው ሳይወጣ።»

«አልጫኑበትም እትዬ» አለ የሺዋስ። «እሱ ነው ለምኖ ያመጣው።»

«እንዴት ያለ ልመና?»

የሺዋስ ፌኔትን አየት አድርጎ ወደ ዲንቄ ተመለሰ። «ድሮ ቀኑን የምንዘጋው እዚያው ሆነን ነበር። የመጨረሻው መኪና ወጥቶ፣ ሒሳቡ ተጠቃሎ፣ እሱ ቤቱ ሲገባ ልጅ ተኝታለች። ጠዋት ሲወጣም ተኝታለች። አንድ እሑድ ቤት ውሎ ፌኔት ከጓሮ ገብታ አየችውና ለርስዎ ‹ያ ሰውዬ ዛሬም መጣ› አለችዎት። ያስታውሳሉ?»

ዲንቄ ታስታውሳለች። ስቃ ነበር። መገርሳም አብሯት ስቋል።

«ሰኞ ሥራ ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም። ‹ልጄ ሰውዬው አለችኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምሳ መብላት ተወ፤ በምሳ ሰዓት ፋብሪካው የጣለውን ይህንን ማሽን ይፈታል፣ ይገጥማል። መዝጊያውን በስልክ መስመር ቤቱ ለማድረስ። አለቃችን አይሆንም አለው። ‹እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጉ› አለ። ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ፈቀዱለት።»

ፌኔት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

ማሽኑ የገባ ሰሞን መገርሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ እየመጣ ፌኔትን ትከሻው ላይ አድርጎ በግቢው ሲዞር ለዲንቄ ታያት። ያኔ ሥራ ቀዝቅዞ መስሏት ነበር። ፋብሪካው ሊዘጋ ነው እንዴ ብላም ሰግታ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን አልነገረኝም እንዳትል፣ እሷ መች ፋታ ሰጠችው። ጣውንቴ እያለች ስታሽሟጥጥ እሱ ይስቃል።

«እትዬ ዲንቄ» አለ የሺዋስ። «ቁልፉን ይሰጡኛል?»

«አሁንማ ጭራሽ አልሰጥህም» አለች። «ለልጁና ለኔ ብሎ ያመጣው ከሆነ የኔ ነው። የኔ ከሆነ አይዘጋም። እኔ ቤት ሞቷል፣ ከሞላ ጎደል ሰፈሩ ሁሉ አልቅሶለታል። አንድ ቦታ እንኳ ገብቷል ይበል። ምናችሁ ይጎዳል?»

«መኪኖቹ...»

«ስለ መኪና አታውራኝ። ባለመኪናውን አይቼዋለሁ። ሙሀመድዘይን አንድ አካፋ አፈር ለመመለስ እንኳ አልመጣም።»

አመለጣት። ሰዓደት የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ከድንኳኑ ወጣች። እትዬ አደሴ ዲንቄን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሺዋስ ኮፍያውን እንደገና አጠፈው።

ዲንቄ ግትር ናት እንጂ ክፉ አይደለችም። ትንሽ ተቀምጣ ተነሳች። ሰዓደት ከቧንቧው አጠገብ ብርጭቆ እያጠበች ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ታወራለች።

«...አይ፣ አልነገርኳትም። በላህ? ዳቦም የለም? እሺ፣ ማታ በልጁ እልክልሃለሁ።» ዘወር ስትል ዲንቄን አየችና ስልኩን ዘጋችው።

«የት ነው ያለው?» አለች ዲንቄ።

«ማን?»

«ሰዓደት፣ አትድበቂኝ።»

ሰዓደት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ግማሽ ጭነው ነገ እንጨርሳለን አሉት። ረቡዕ ማሽኑ አልከፍትም አለ። የተጫነው ዱቄት በስሙ ተጽፏል፤ የመውጫ ወረቀት ከሌለ ዘበኛው መኪናውን አያሳልፍም። ጥሎት እንዳይወጣ ረዳቱ ወሎ ሄዷል፣ የሚጠብቅለት የለም። ጁምዓም አመለጠው።»

«ይሄን ሁሉ ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ?»

«ለቅሶ ቤት የራስ ጉዳይ ይወራል እንዴ ዲንቄ?»

ዲንቄ እጇን ሰዳ ቧንቧውን ዘጋችው።

«አስከሬኑ በፋብሪካው በር ሲያልፍ» አለች ሰዓደት፣ ድምፅዋ እየሰለለ፣ «የተጫነው ጆንያ አናት ላይ ወጥቶ ቆሞ ዱዓ አደረገ። አስከሬኑን የያዘው መኪና ከዓይኑ እስኪሰወር አልወረደም። ማታ ደውሎ ሲነግረኝ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሊመጣ አልፈለገም ብለሽ ከሆነ...»

«በቃ» አለች ዲንቄ። «በቃ፣ እህቴ።» የሰዓደትን እርጥብ እጅ ያዘች። ሁለቱም እዚያው ቧንቧው ሥር ቆመው አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያወጡ።

ከዚያ ዲንቄ በመቀነቷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

የሺዋስን፣ ፌኔትንና ሰዓደትን አስከትላ ሰርቪስ ቤቱን ከፈተች፤ ክፍሉ ሞቋል። ተዘግቶ የሰነበተ አየርና የብረት ሽታ ተቀበላቸው። የሺዋስ የመገርሳን በርጩማ ሊስብ እጁን ሰደደና ተወው፤ ቆሞ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። የማሽኑ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደሎች ተደረደሩ።

«ምን ይላል?» አለች ዲንቄ።

«ቀኑ ይዘጋ ወይ ይላል። አዎ ወይም አይ ነው የሚፈልገው።» ጣቱን አነሳ።

«ቆይ። እንዲያ ዝም ተብሎ አይዘጋም።»

«ሌላ የሚጻፍ አለ?»

«የሚጻፍ የለም። ማታ ማታ መገርሳ ይጠይቀኝ ነበር።» በእጇ ወደ ማድ ቤቱ ጠቆመች። «ከዚህ ሆኖ ‹ዲንቄ፣ ልዝጋው?› ይላል። እኔ ማድ ቤት ነኝ። ‹ምን አገባኝ› እለዋለሁ። ቆየት ብሎ እንደገና ይጠይቃል። ዝጋው እስክለው አይነካውም። ተጣልተን ቀኑን ሙሉ ሳላናግረው ስውል እንኳ ይቺን አንድ ቃል ያስወጣኛል።»

ፌኔት እናቷን አየቻት። በዚያ ቤት አድጋ ይህን ጥሪ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፤ አባቷ ስለ ሥራ የሚጠይቅ መስሏት ነበር።

የሺዋስ ከመስታወቱ ፊቱን መለሰ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ ዲንቄ፣ ልዝጋው?»

ማሽኑ ያጉረመርማል። ከድንኳኑ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ አዲስ ለቀስተኛ መጥቷል መሰል።

«ስሙ የቱ ጋ ነው?» አለች ዲንቄ። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ የአማርኛውንም ቢሆን ቀስ ብላ ነው የምታነበው።

ፌኔት ጠጋ ብላ አሳየቻት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ እማ። ከዚህ እስከዚህ።»

ዲንቄ ሌባ ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች። መስታወቱ ለብ ይላል።

«ዝጋው» አለች።

የሺዋስ ነካው። ፊደሎቹ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ጠፉ፤ ከጣቷ በላይ ያሉት ሄዱ፣ ከጣቷ በታች ያሉት ሄዱ። ከጣቷ ሥር ያለው መቼ እንደሄደ አላየችም።

የሺዋስ ስልኩን አውጥቶ «ጀምሩ፣ መጀመሪያ ሙሀመድዘይንን ሸኙ» ሲል ተሰማ። ሰዓደት ከበሩ ላይ ሆና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«እማ» አለች ፌኔት። «አልቋል።»

«አውቃለሁ። ለሙሀመድዘይን ሽሮ ይቀመጥለት፣ ርቦት ነው የሚመጣው።»

ፌኔት ሽሮውን ልታስቀምጥ ወጣች። ዲንቄ በባዶው መስታወት ፊት ቆማ ቀረች። ጣቷን አላነሳችም።