ለወንድሜ ዐይን የሰጠሁት ነጥብ

ለማንም ስለማላዳላ በቤተ ሙከራችን የወጣልኝ ቅጽል ስም «ሚዛኗ» ነው። ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም። ታናሽ ወንድሜን ጉድ የሠራውም ይኸው ኩራቴ ነው።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። የዐይኑ ብርሃን በየዓመቱ እየደከመ የሚሄድ በሽታ ይዞታል። እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም።

አምና አለቃችን አምስታችንን ሰበሰበና፣ «የዓለምን ችግር ሁሉ አንችለውም፤ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የምንሠራበትን አንድ በሽታ እንምረጥ» አለን። ተጣርተው የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ አንድ የሳንባ በሽታና የወንድሜ የዐይን በሽታ። እያንዳንዳችን ለሁለቱም ከአስር ነጥብ እንሰጣለን።

«አንቺ የቤተሰብ ጉዳይ ስላለብሽ ብትቀሪም ግድ የለም» አለኝ።

«ምነው፣ አታውቀኝም እንዴ?» አልኩት ኮራ ብዬ።

ጥናቶቹን አገላብጬ አንብቤያለሁ። ለሳንባው ሰባት ሰጠሁ። የዐይኑ ስምንት ይገባው ነበር፤ እስክሪብቶ ሳነሳ ግን «ለወንድሟ አዳላች» የሚሉኝ መሰለኝና አራት ጻፍኩ።

የዐይኑ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። እኔ ጭራሽ ነጥብ ባልሰጥ እንኳ ያሸንፍ ነበር።

ስንወጣ አለቃችን፣ «ድጋሚ እንወያይበት ልል ነበር» አለኝ። «አራትሽን ሳይ ግን፣ እኔ ያላየሁት እንከን አግኝታበት ነው ብዬ ተውኩት።»



በማግስቱ ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። የኮት እጅጌ ይዟል። እንደልማዱ ክር እንዳስገባለት መርፌውን አቀበለኝ።

«አልተመረጥንም አሉ» አለኝ። «ምን ይደረግ፣ የባሰበት ይቅደም። ለመሆኑ እታለም፣ አንቺ ስንት ሰጠሽ?»

ልዋሽ ዳድቶኝ ነበር። «አራት» አልኩት።

«አራት?» ሳቀ። «ይህን ያህል ተስፋ የለውም እንዴ?»

«አለው። የሚገባው ስምንት ነበር። ሰው እንዳያማኝ ብዬ ነው።»

ሳቁ ጠፋ። የእጅጌውን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ።

«እኔ እኮ አዳዪልኝ አላልኩሽም» አለ። «እንደማንኛውም ሰው ብታዪኝ ይበቃኝ ነበር።»

 ክሩን ስንት ጊዜ ስቼ በመጨረሻ አስገባሁት። መርፌውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ፤ የዘረጋው ግን እኔ ወደሌለሁበት በኩል ነበር።