የባባ ቱራብ ጥምጣም

ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ጎረቤቷ ሸሪፋ አቅፋት ስታለቅስ ቆይታ ስትላቀቅ፣ ማህጉል በራሷ ጥቁር ልብስ ትከሻ ላይ ቢጫ ብናኝ አየች። እንባዋ ቀጥ አለ። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«በማሳችሁ በኩል ነው የመጣሽው?»

«በየት ልምጣ ታዲያ? አቋራጩ እሱ አይደል» አለች ሸሪፋ፣ በእጅጌዋ እንባዋን እየጠረገች። እጅጌዋም ቢጫ ነበር።

ሴቶቹ አረንጓዴ ሻይ እየቀዱ፣ ሐልዋ እየተቀባበሉ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ የሟች ልጅ በሁለተኛው ቀን እንባዋ ደረቀ፣ ስትል አንሾካሾከች። ማህጉል ሰምታታለች። ትበል። የሸሪፋ ባል ጉላም ዘንድሮ ከከተማ ነጋዴ አምጥቶ የዘራው ካናቢስ ወንዴዎቹ አብበዋል ማለት ነው። ሰነፉ ጉላም አልነቀላቸውም።

የጉላም ተክል ረጅም ነው፤ ቅጠሉ ቀጭን፣ ቶሎ የሚደርስ። የአባቷ የባባ ቱራብ ግን ከሰው ወገብ አይዘልም። ቅጠሉ እንደ ገበሬ መዳፍ ሰፊ ነው፤ ውርጭ ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ከዚያ በፊት አይታጨድም። ሙጫው ጣት ላይ ከተጣበቀ ሳሙና አይበግረውም። በአገራቸው በባልክ ዙሪያ ድሮ ሁሉም ይህንኑ ነበር የሚዘራው። አሁን ሁሉም ተደባልቆ፣ ሳይደባለቅ የቀረው የእነሱ ብቻ ነው።

የቀረውም እንዲሁ አልነበረም። ባባ ቱራብ ወንዴዎቹን ሳያብቡ ይነቅላሉ፤ ለዘር የሚሆኑ ጥቂቶቹን ብቻ ከግንቡ ሥር ያስቀራሉ። የመረጧቸውን እናት ተክሎች ደግሞ ባዕድ ብናኝ እንዳይደርስባቸው በአሮጌ ጥምጣም ደራርበው ይጠመጥሙላቸዋል። ዘንድሮ የመረጧቸውን ሦስቱን ሊሸፍኑ ባሰቡበት ሳምንት ልባቸው ቆመ። በፀደዩ ድርቅ ቡቃያው ሞቶ የቀረው ዘር ሁሉ ዳግመኛ ስለተዘራ፣ የዘር ከረጢቱም ባዶ ነው። እነዚያ ሦስት እናት ተክሎች ከተበላሹ አለቀ።

ማህጉል ወንድሟን ናዚርን ከወንዶቹ ክፍል አስጠርታ፣ በረንዳው ጥግ ላይ ቆመው ያየችውን ነገረችው።

«ለቅሶ ላይ ነን» አላት። «የአባታቸው አፈር ሳይደርቅ ማሳ ወረዱ እንባል?»

«ነፋስ ከተነሳ ከጉላም ማሳ ወደኛ ነው የሚነፍሰው። እስካሁን ጸጥ ያለው በአላህ ቸርነት ነው።»

«ይንፈስ። ለከርሞ እኔም የጉላምን ነው የምዘራው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ ዕድሜውን በዚያ ድንክ ተክል ጨረሰ። ቅጠሉን ሲዳብስ ነው ያደግነው። እኛን አንድ ቀን እንደዚያ ዳብሶን ያውቃል?»

እውነቱን ነው። ልጆች ሳሉ አባታቸው በማሳው ውስጥ ረጃጅም ባዕድ ቡቃያ አግኝተው፣ ጥርጣሬ ስለገባቸው የማሳውን ተክል ሁሉ ነቅለው ጣሉት። ያን ክረምት ዳቦና ደረቅ እንጆሪ ብቻ ነበር የበሉት። ናዚር ከዚያ ወዲህ አባቱን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ሌላውን ግን ናዚር አያውቅም። አምና ክረምት፣ ሙጫውን ለመለየት የደረቀውን አበባ በሐር ወንፊት ላይ አብረው ሲነፉ፣ አባቷ ሳይጠየቁ ነበር የተናገሩት። ዘሩን የማህጉልና የናዚር እናት ለሙሽርነት ስትመጣ ከተራራው መንደሯ በሻርፕዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው። መንደሩን ኋላ ጦርነት በላው። ከአገሯ የተረፈው ይኸው ነው።

«ለናዚር ለምን አልነገርከውም?» አለቻቸው።

«እሱን ስትወልድ አይደል የሞተችው» አሉ ወንፊቱን እያዩ። «ስሟን ባነሳሁ ቁጥር ያጠፋ እየመሰለው አንገቱን ይደፋል። ተይው፤ እኔን ይጥላኝ።»

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ የሟችን ጥምጣም በልጁ ራስ ላይ ጠመጠሙ። አሮጌዎቹ እንደ ደንቡ ከልብሳቸው ጋር አስከሬናቸውን ላጠበው ሰው ስለተሰጡ የቀረው ይኸው ደህናው ነበር። ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ ናዚር ነው። ሽማግሌ ያሰረውን ጥምጣም በሰው ፊት መፍታት ደግሞ አባትን ሁለተኛ መቅበር ነው ይላሉ።

ዱዓው እንዳበቃ የግቢው ዛፍ ቅጠሎች ተገለበጡ። ነፋሱ ተነሳ። ማህጉል ብድግ አለች። አክስቷ ቀሚሷን ያዘቻት፤ አስለቅቃ ወጣች። ለቀስተኛው ሁሉ እያያት ማሳ ወረደች፣ ከሻሿ በላይ የደረበችውን ኩታ ገፍፋ የመጀመሪያዋን እናት ተክል ሸፈነች። ኩታው ለአንዷ ብቻ በቃ። ሁለቱ ራቁታቸውን ቆመዋል፤ ከወዲያ ከጉላም ማሳ ላይ ቢጫ ጭጋግ ይነሳል።

ናዚር ደረሰ። ከኋላው አጎታቸው ሳቢርና ሽማግሌዎቹ ድንበሩ ላይ ቆሙ።

«ቤት ግቢ» አላት ጥርሱን ነክሶ።

«የእማማ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ዘሩ። ለሙሽርነት ስትመጣ በሻርፕዋ ቋጥራ ያመጣችው ነው። አባባ እንዳልነግርህ ከለከለኝ። ስሟ ሲነሳ አንገትህን ስትደፋ አንጀቱን ትበላው ነበር።»

ነፋሱ የናዚርን ጥምጣም አርገበገበው።

«ናዚር፣ እህትህን ይዘህ ና» አሉ አጎት ሳቢር ከድንበሩ ላይ። «ሰው እያየ ነው።»

«አይ፣ አጎቴ። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ የጥምጣሙን ጫፍ ፈልጎ አገኘ። አጎት ሳቢር ፊታቸውን አዞሩ። ናዚር ባዶ ራሱን እስኪቀር ድረስ ፈትቶ፣ አንዱን ጫፍ ለማህጉል አቀበላት። ጨርቁ የአባቷን ላብና የተክሉን ሙጫ ይሸታል፤ የደረቀ የመሰላት እንባ ያን ጊዜ መጣ።

«ያዢ» አላት።

ጎን ለጎን በቆሙት በሁለቱ ተክሎች ዙሪያ ጎንበስ ብሎ መጠምጠም ጀመረ። የመጨረሻውን ዙር ከመድፈኑ በፊት ግን እጁን ወደ ውስጥ አስገባና ሰፊውን ቅጠል በመዳፉ ቀስ አድርጎ ዳበሰው።