የጋዜጣው ነጠብጣብ

ለባልቴቷ የቀረቻቸው የሟች ባላቸው ፎቶ ከጋዜጣ የተቀደደች አንዲት ቁራጭ ነበረች። ስካን ስትደረግ የኅትመቱ ነጠብጣብ ጎልቶ የሰውየውን ፊት ወንፊት አስመሰለው። ፎቶ አዳሹ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ቢወጣ ቢወርድ፣ ነጠብጣቡ ሲጠፋ ዓይንና አፍንጫውም አብረው ይጠፋሉ። በመጨረሻ ፎቶውን እንደነበረ መለሰው።

«እማማ፣ አቃተኝ» አላቸው አንገቱን ደፍቶ።

«ምን ታደርግ ልጄ፣ ደክመህልኛል» ብለው ወደ በሩ አዘገሙ። እዚያ ሲደርሱ ዞር ብለው ስክሪኑን አዩና ቀጥ አሉ።

«ና እስቲ እዚህ ቁም።»

ሄዶ አጠገባቸው ቆመ። ከበሩ ሆነው ሲያዩት ነጠብጣቡ ሁሉ ገጥሞ ሰውየው ፈገግ ብሏል።

«እንዲሁ አትመህ ስጠኝ። ከአልጋዬ ማዶ እሰቅለዋለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እግዜር ይስጥልኝ። ድሮም ቀረብ ሲሉት ያበሽቅ ነበር።»

ይህን ብለውም ከበሩ ንቅንቅ አላሉም።