የድልድዩ ብረት

ተስፋጽዮንን በካርቱም የሳጃና ሰፈር ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው በሠርግ ፎቶ ነው። ካሜራው ከገበያው ሁሉ ርካሹ፣ ሌንሱ ግን ከአዲስ አበባ ሲሰደድ በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣው፣ ከድሮ የፊልም ካሜራ የወለቀ ረጅም ሌንስ ነበር። ሁለቱ አይተዋወቁም። ካሜራው ብርሃኑን አይለካለትም፣ ፎከሱንም አያስተካክልለትም። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምር ሩቅ ያለ ነገር መርጦ ቀለበቱን በእጁ ያዞራል፣ ያነሳል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ደግሞ ያነሳል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

ያን ቀን አል-ማንሺያ ሰፈር፣ የአንድ ሀብታም ቤት ሰገነት ላይ ነበር። ሙሽራዋ ፋሪሃ እስክትዘጋጅ ከሩቅ የሚታየውን የወንዙን ድልድይ ብረት ለመሞከሪያ መረጠ። ካርቱም ውስጥ ድልድይ ማንሳት እንደሚያስጠይቅ ሕፃን ያውቃል። እሱም ያውቃል፤ ሙከራን ግን ፎቶ ብሎት አያውቅም። ደግሞ ሐሳቡ ልጁ ጋ ነበር። ማህሌት ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ሰፈር ሲጠገን የሰነበተውን ሁለተኛውን ሌንስ ይዛ በዚያው ድልድይ እየመጣች ነው። "ነገ ባመጣውስ?" ብላው ነበር፤ ዛሬ ካልሆነ ብሎ ድርቅ ያለው እሱ ነው።

ቀለበቱን ሲያዞር ብዥታው ጠራ። ትናንት ያልነበረ የአሸዋ ጆንያ፣ ከኋላው ወታደሮች። አንዱ ቀና ብሎ በቀጥታ አየው። ፀሐይዋ ከፊቱ ነበረች፤ የሌንሱ መስታወት እንዳብረቀረቀ ሲገባው ጎንበስ አለ።

ስልኩ ጮኸ።

"ባባ፣ ኮብሪው ላይ፣ ድልድዩ መሃል ነን። ዐስከሮቹ የተሳፈርንበትን ሐፍላ አቁመው ሁላችንንም አወረዱን።"

"ለምን?"

"ከሰገነት ላይ የሚሰልል አለ ይላሉ። ካሜራ ፍለጋ ቦርሳ እየፈተሹ ነው፣ ወላሂ። ሌንሱ እኔ ጋ ነው! ልጣለው?"

"ተይ! ስትጥይው ያዩሻል። የአባቴ ነው በያቸው፣ የሠርግ…"

ስልኩ ተቋረጠ።

ካላያት አይችልም፣ ካያት ደግሞ ሌንሱ ያብረቀርቃል። አላስቻለውም፤ ካሜራውን አነሳ። ቀለበቱ አልታዘዝ አለው። መጀመሪያ የማህሌት ቢጫ ሻሽ ጠራ፣ ቀጥሎ የተከፈተ ቦርሳዋ። ወታደሩ ጥቁሩን ሌንስ አውጥቶ አገላበጠው። እሷ እያለቀሰች ታስረዳዋለች። ሰውዬው ሌንሱን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ወደ ሰገነቱ ዞረ።

ተስፋጽዮን አሁን አልጎነበሰም። ቀጥ ብሎ ቆመና እንዲያዩት ካሜራውን ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው።

"እኔ ነኝ! እሷን ተዉአት!" ብሎ ጮኸ፣ እንደማይሰሙት እያወቀ።

ከታች ፋሪሃ "ያላ፣ ጨርሻለሁ" ትላለች። እሱ ግን ክንዱን አላወረደም። በባዶ ዓይኑ የሚታየው ድልድዩ ብቻ ነበር፤ ቢጫውን ሻሽ ከዚያ ሊለየው አልቻለም።